ያልተሰጠኝ የማብሰል ተራ

ከሰዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖራችሁ፣ ከአንድ ወንዝ ውኃ እየቀዳችሁ፣ የአንዱን ድስት ወጥ አብራችሁ እያሸተታችሁ፣ የእናንተ ድርሻ ብቻ በቅጠል ሆኖ ለብቻው መጥቶላችሁ ያውቃል? ካላወቀ እድለኞች ናችሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ከሁሉም በላይ ለእናንተ ነው። ካወቀ ደግሞ ከዚህ በታች ያለውን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። አሁን የማስተምረው ቀይ አፈር በምትባል ከተማ ነው። ክፍሌ ከመንገዱ ዳር ስለሆነ ወደ ጂንካ የሚወጣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ጠመኔዬ ከጠረጴዛው ላይ ይንከባለላል። ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ በራፏ ላይ አዲስ ድስት ታሟሽ ነበር። የሸክላ ድስት ከገበያ እንደመጣ አይሠራበትም፤ ቅባት ያለው ነገር ይቀባና ቀስ ባለ እሳት ላይ ተጥዶ፣ በዓይን የማይታየው ቀዳዳው ሁሉ እስኪደፈን ይጠበቃል። ያን ጊዜ የሚወጣው ሽታ ግማሹ ጭስ፣ ግማሹ ዝናብ የነካው አፈር ነው። እኔ በዚያ ሽታ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ደስ ብሎኝ ቆም አልኩ። ጎረቤቴም ድስቱን በጨርቅ እያገላበጠች፣ "የእነዚህ ሰዎች እጅ እኮ ወርቅ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ቤታቸው እህል አይቀመስም" አለችኝ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ እንደሆነች ነገርኳት። ጨርቁን እንደያዘች ቀረች። አንዴ ድስቱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። በቀደም ዕለት ከቤቴ ቆሎ ቆርጥማ ስለነበር እሱን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። ተናድጄ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ብዙ የምናገረው ነበረኝ፤ ነገር ግን አፌ ላይ የመጣው የአንዲት ሴት ስም ብቻ ነበር፦ እትዬ የሺ።

እትዬ የሺ ማን እንደነበሩ ከመናገሬ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩ በሥርዓቱ ላስረዳ። እኛ አሪዎች ነን። ከአሪ ውስጥ አብዛኛው ገበሬ ነው፤ ጥቂቱ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ጥቂቱ ሸክላ ይሠራል። ቋንቋችን አንድ፣ መልካችን አንድ፣ ተራራችን አንድ ነው። ሆኖም ገበሬው ከሸክላ ሠሪው ጋር አይጋባም፣ ቤቱ አይገባም፣ ከእጁ አይበላም። እኛም ገበሬው ዘንድ ስንሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ነው የምንጣራው። የሚጠሩን ስም አለ፤ እዚህ አልጽፈውም፤ ስም ሆኖ ሳለ ስድብ አድርገውታልና። ከተማው ውስጥ ደግሞ ከሰሜን የመጡት የወታደርና የነጋዴ ልጆች አሪውን ሁሉ፣ ሐመሩንም በናውንም ጨምረው፣ በአንድ ሌላ ስም ይጠሩት ነበር። እሱንም አልጽፈውም። ገበሬው በዚያ ስም ሲጠራ ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ገበያ ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ። መንደሩ ሲመለስ ግን እኛን እሱ ባወጣልን ስም ይጠራን ነበር። የተሰደበ ሰው ስድብ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አያውቅም። ወይም ያውቃል፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

አሁን ይህን ልብ በሉ። በዚያ አገር የሚበስለው ጎመን ሁሉ የሚበስለው እንደ እናቴ ያለች ሴት በሠራችው ድስት ነው። የሚጠጣው ውኃ የሚቀመጠው እንደ አክስቴ ያለች ሴት ባበጀችው እንስራ ነው። ጭቃውን በእጃቸው ያሹታል፣ በጣታቸው ይቀርጹታል፣ በመዳፋቸው ያለሰልሱታል። እጃችን ያልነካው ምግብ በዚያ አገር የለም። ከእጃችን ግን አይበሉም። ይህን ለተማሪዎቼ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ማንም አይፈታውም፤ ምክንያቱም ሒሳብ አይደለም።

ጂንካ በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤት ከተማ ነበረች። ሌላ ምን ነበራት? መሥሪያ ቤቶቿ፣ የቅዳሜ ገበያዋ፣ በመካከሏ የተዘረጋው የሣር አውሮፕላን ሜዳ። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ላሞቹን ከሣሩ ላይ የሚያባርር ሰው ነበር፤ በቀረው ቀን ግን ሜዳው የላሞቹና የተማሪው ነበር። ከሃና፣ ከኦሞራቴ፣ ከየተራራው የመጡ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ሣሩን እየዞሩ ይሸመድዱ ነበር። ሜዳውን አንድ ጊዜ የዞረ ሰው የአገሩን ቋንቋ ሁሉ ይሰማል። መምህራኑ "ጂንካ የሁሉም ቤት ናት" ይሉን ነበር፤ በሰልፍ ቀንም ድምፅ ማጉያው ይህንኑ ይል ነበር። አዎ፣ ክፍል ውስጥ በአንድ አግዳሚ ላይ አራት ዓይነት ሕዝብ ተጨናንቆ ይቀመጥ ነበር። ጥያቄው ደወል ተደውሎ ሲርበን ወዴት እንሄዳለን የሚለው ነበር።

ከገጠር የመጣ ተማሪ በየሰው ቤት ይጠጋ ነበር። ትርፍ ቤት ተወርሶ ማከራየት የተከለከለበት ጊዜ ስለነበር "ተከራይ" የሚለውን ቃል ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ "ደባል ነን" እንላለን። ኪራያችንም ከቤተሰብ የሚመጣ እህልና የምንለቅመው እንጨት ነበር።

እትዬ የሺ የሟች አሥር አለቃ ሚስት ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን የመጡ ወታደር ናቸው፤ እሳቸው ግን የተወለዱት እዚያው ነው፤ ከጂንካ ሌላ አገር አያውቁም። አጭር፣ ወፍራምና ቁጡ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ ጨው በስኒ፣ ላምባ በጠርሙስ እየሰፈሩ ይቸረችራሉ፤ ነጠላቸው ሁልጊዜ ላምባ ላምባ ይሸታል። እኔ ስመጣ በግቢው ውስጥ ሁለት ደባሎች ነበሩ። አንደኛዋ ዘነበች ናት፤ የአሪ ገበሬ ልጅ፣ አባቷ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር። ሁለተኛው ኦይታ የሚባል የበና ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ የትም ሲሄድ በርኮታውን፣ ያችን መቀመጫም ትራስም የምትሆን ትንሽ እንጨት፣ የማይለይ። "ላሞቹን የሚያባርረው ሰውዬ እትዬ የሺ ሲቆጡ ሥራው ይቀልለታል፤ ድምፃቸውን ሰምተው ላሞቹ ራሳቸው ይሮጣሉ" እያለ ያሾፍባቸው ነበር። እሳቸውም ይሰሙታል፤ ይስቃሉ፤ ከዚያ ይሰድቡታል።

ከእናቴ ጋር የመጣነው በገበያ ቀን ነው። እናቴ የሸክላ ሸክሟን አውርዳ፣ እንደ ልማዷ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ተጣራች። እትዬ የሺ ከውስጥ፣ "ምን ያስጮህሻል፣ በር የለም እንዴ? ግቢ!" ብለው ጮኹ። እናቴ አልገባችም። በአጥሩ ላይ አሻግራ አንድ ድስት ሰጠቻቸው፤ እኔንም ወደ በሩ ገፋ አደረገችኝና ሄደች።

በዚያው ምሽት ዘነበች ተራ አወጣች። ደባል ተማሪዎች እህላቸውን አንድ ላይ አድርገው በተራ ነው የሚያበስሉት። አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን ኦይታ ሆነ። ወደ እኔ ሳትዞር፣ "አንቺ ውኃና እንጨት" አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ከየት መንደር እንደመጣሁ ገና ከአነጋገሬ አውቃለች። ራት ሲደርስ ከጓሮው የእንሰት ቅጠል፣ ኮባውን፣ ቀደደችና ድርሻዬን ጭልፋው ሳይነካኝ ከላይ ጠብ አድርጋ በሩ አጠገብ አኖረችልኝ። ኦይታ ነገሩ ግራ ገብቶት ጠየቃት። ነገረችው። "እናንተ አሪዎች ጣጣችሁ ብዙ ነው" አለና መብላቱን ቀጠለ። እንደ ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ያን ቀን መብላቱን መቀጠሉን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

እትዬ የሺ የሚበሉት ፊት ቤት፣ እኛ ደባሎቹ ጓዳ ነው። በጓዳው ሲያልፉ ግን እኔን በቅጠል ስበላ ያዩኝ ነበር። ምን መሰላቸው? የእኛ ባህል መሰላቸው። በቅጠል መብላት የምወድ መሰላቸው። ከዚያ ወዲያ ቅጠሉን ራሳቸው ያመጡልኝ ጀመር። ከጓሮ ለስላሳውን መርጠው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ "እንኪ፣ እንደ አገርሽ ብዪ" ይሉኛል። እኔም "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ። እንዲህ ያለውን ስህተት ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንኳ አይሠራውም፤ እንግዳ ይጠይቃል። ሊሠራው የሚችለው እዚያው ተወልዶ፣ ከጎረቤቱ ድስት እየገዛ፣ ጎረቤቱን አንድ ቀን ሳይጠይቅ ያረጀ ሰው ብቻ ነው።

ለምን ዝም አልሽ ትሉኝ ይሆናል። የምፈልገው ነገር ስለነበረኝ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ላይ መቀመጥ እፈልግ ነበር። ከመንደራችን እዚያ የደረሰች ልጅ አልነበረችም። ከእትዬ የሺ ግቢ ከወጣሁ በጂንካ የሚቀበለኝ ቤት አልነበረም፤ መንደሬ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ተቀበልኩ። ቅጠል ወይም ትምህርት፤ ምርጫው ይህ ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ እትዬ የሺን ወባ ያዛቸው። ከመደባቸው ላይ ሆነው ሲንቀጠቀጡ ጠሩኝና፣ "አንቺ አልማዝ፣ እስቲ አጥሚት ሥሪልኝ" አሉኝ። ቆሜ ቀረሁ። ዘነበች ከኋላዬ መጣችና እሷ እንደምትሠራ ነገረቻቸው።

"ይቺስ ለምን አትሠራም? እጇ ተሰብሯል?"

"እሷ አታበስልም፣ እትዬ። ሸክላ ሠሪ ናት እኮ።"

"ታዲያስ?"

"ከእጇ አይበላም። ለዚህ አይደል በቅጠል የምንሰጣት" አለች ዘነበች። ክፋት አልነበረባትም፤ የሚታወቅ ነገር ለማያውቅ ሰው ስታስረዳ ነው የመሰለችው።

እትዬ የሺ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አጥሚቱን ዘነበች ሠራች፤ እሳቸውም ጠጡ።

ትኩሳቱ የለቀቃቸው ዕለት ጋቢ ተከናንበው ወደ ጓዳ መጡ። ከስተዋል። በጓሮ በር ወደ እንሰቱ ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና፣ "ያን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉኝ።

"ያውቃሉ ብዬ ነው" አልኳቸው።

እውነቴን ነበር የነገርኳቸው። ሰው በጥፊ ቢመታቸው ፊታቸው እንደዚያ አይሆንም ነበር። ለአፍታ የሚያለቅሱ መሰለኝ። አላለቀሱም፤ ተቆጡ። ቁጣቸው በማን ላይ እንደሆነ ግን ለመለየት አስቸጋሪ ነበር።

ድስቱን አነሡ። "ይህን ከማን ገዛሁት?" ከእናቴ ነው አልኩ። ወደ ግቢው አወጡት። እንስራውን አነሡ። የአክስቴ ሥራ ነው አልኩ። እሱንም አወጡት። ጋኑን ብቻቸውን ስላልቻሉት ኦይታን ጠርተው አሸከሙት። ወጪቱ፣ ገንቦው፣ የእጣን ማጨሻው ሳይቀር ወጣ። ጓዳው ውስጥ የቀረው አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ነበር። ከዚያ በሸክላው መካከል ቆመው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ተናገሩ።

"እጇን የተጠየፈ የእጇን ሥራም ይጠየፋል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ከሸክላ የሚበላ ሰው ከአልማዝ እጅም ይበላል። የማይበላ በእፍኙ ያብስል።"

ኦይታ በቆሎውን ፍሙ ውስጥ ወርውሮ ጠበሰ። "እኛ ከብት ይዘን ስንወጣ ድስት ማን ይሸከማል?" እያለ ይስቅ ነበር፤ ለዘነበችም አንድ እሸት ሰጣት። እያለቀሰች በላች። ቅዳሜ ሌላ ድስት ልትገዛ ገበያ ወጣች። ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ገበያ ውስጥ ተደርድረው ሸክላ የሚሸጡት ሁሉ የእኔ ዘመዶች ነበሩ፤ የትኛውንም ብትገዛ ያው የእጃችን ሥራ ነው። በዚያው ምሽት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ "እሺ፣ ታብስል" አለች።

ጎደሬና ጎመን ሠራሁ። እትዬ የሺ ከፊት ቤት መጥተው ከእኛ ጋር በሉ፤ ኦይታ ደገመ። ዘነበች አንድ ጉርሻ ያዘች፤ ዓይኗን ጨፍና እንደ ኮሶ ዋጠችው። የመጀመሪያው ተራዬ ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የሠራችሁትን ምግብ ሰው እንደ ኮሶ ሲውጠው ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ የዘነበች አባት መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በትህትና፣ "እትዬ፣ ልጄን አረከሱብኝ" አሉ። ሽማግሌ ተጠርቶ መንጻት እንዳለባት፣ ከዚያ በፊት ከወንድሞቿ ጋር መብላት እንደማትችል አስረዱ። እኔ ከግቢው እንድወጣ ጠየቁ። እትዬ የሺ እምቢ አሉ። ሰውዬው ባርኔጣቸውን አድርገው በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ የሺ የምትባል ሴት በሕግ የተከለከለ ኪራይ ታከራያለች ብለው አመለከቱ።

እትዬ የሺ ሲጠሩ እኔም አብሬ ሄድኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር በየሰልፉ ስለ ተናቁት ባለእጆች ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮህ ሰው ነበር። አልተቆጣም፤ መንገድ አበጀላቸው። ልጅቷ እንደ ድሮዋ በቅጠሏ ትብላ፣ ተራውም ይቅር፤ ያን ጊዜ ስለ ኪራዩ ማንም አያነሣም አላቸው።

"ባለፈው ሰልፍ ላይ ባለእጅን የናቀ ይውደም ስትል የነበርከው አንተ አይደለህም?" አሉት እትዬ የሺ።

ሳቀ። "እትዬ፣ ሰልፉ ሌላ፣ ምሳው ሌላ ነው።"

ይህን ዓረፍተ ነገር እስከምሞት አልረሳውም። አሁን መምህር ሆኜ ስለ እኩልነት የሚናገር መጽሐፍ በከፈትኩ ቁጥር ከገጹ ላይ ይህ ሰው ይስቅብኛል።

እትዬ የሺ ያበጀላቸውን መንገድ አልተቀበሉም፤ ወዲያው ደባሎቹ ግቢውን እንዲለቁ ታዘዘ። ዘነበችን አባቷ ወሰዷት። ኦይታ አንድ የአገሩ ሰው ዘንድ ተጠጋ። እኔን እትዬ የሺ "ይቺ ደባል አይደለችም፣ ልጄ ናት" ብለው አስቀሩኝ። ነገር ግን ወሬው ከቀበሌ ቀድሞ ከተማውን አዳርሷል። በየወሩ በየተራ የሚገናኙ የማኅበር ሴቶች ነበሯቸው፤ አብረዋቸው ያረጁ፣ አብረዋቸው ባል የቀበሩ። በዚያ ወር ተራው የእትዬ የሺ ነበር። ወጡ ተሠርቶ፣ ጠላው ተጣርቶ፣ አግዳሚው ተደርድሮ ጠበቅን። አንዲት ሴት ብቻ በአጥሩ ላይ አሻግራ፣ "የሺዬ፣ ልጅቷ ጓዳሽ ውስጥ እያለች እንዴት አድርገን?" ብላ ሄደች። እሳቸው የክት ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ከባዶው አግዳሚ መካከል ተቀምጠው ሳያቸው አልቻልኩም። በማግስቱ ጠዋት ጨው ሲሰፍሩ ደብተሬን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ መንደሬ ወጣሁ። ፈተናው ሊደርስ የቀረው ጥቂት ነበር። ተውኩት።

እናቴ ጭቃ ሰጠችኝ፤ ማሸት ጀመርኩ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ያልተተኮሰ እንስራ በጠጠር እያለሰለሰች ሳለ፣ በቀጭኑ መንገድ ላይ ጃንጥላ ታየ። ከጃንጥላው ሥር እትዬ የሺ፣ ኮንጎ ጫማቸው ጭቃ ተሸክሞ፣ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ። መንገዱን ያሳያቸው ኦይታ ነው። በራችን ላይ ሲደርሱ በርኮታውን አቀረበላቸው፤ ተቀመጡና ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ከሩቅ ያያቸው ነበር። ለሸክላ የሚመጣ ሰው ከመንገዱ ላይ ዋጋ ይነጋገራል እንጂ በራችን ላይ አይቀመጥም።

እናቴ አማርኛ የምታውቀው ለገበያ ያህል ነው። እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው።

"ልጄን ልወስዳት መጣሁ" አሉ እትዬ የሺ።

እናቴ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ "የማን ልጅ በያት" አለች።

እትዬ የሺ ፈተናው መድረሱን፣ መምህራኑም የት ደረሰች እያሉ መጠየቃቸውን ተናገሩ። እናቴ ጠጠሯን አላቆመችም። "ልጄን በቅጠል ሲያበሏት የት ነበርሽ በያት።"

ይህን መተርጎም አልፈለግሁም። እትዬ የሺ ፊቴን አይተው፣ "ያለችውን እንዳለ ንገሪኝ፤ እንዳታሳምሪው" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ቅጠሉን እየቆረጥኩ የማመጣላት እኔ ነበርኩ በያት።"

የጠጠሩ ድምፅ ቆመ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ እትዬ የሺ እኔን ሳይሆን እሷን እያዩ፣ በዚያ የገበያ አማርኛዋ እንኳ ሊገባት በሚችል ቃል፣ "ርቦኛል። የሚበላ ስጪኝ" አሏት።

እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ ከወገኗ ውጭ የሆነ ሰው ምግብ ለምኗት አያውቅም። ሸክላ ገዢው እንኳ በፀሐይ ነድዶ መጥቶ ከቤታችን ውኃ አይቀምስም። ተነሣች። እጇን ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ወደ ቤት ገብታ የተቀቀለ ጎደሬና ጎመን ይዛ ወጣች። ያመጣችው በኮባ ቅጠል ነው። ቤታችን ውስጥ ወጪት ሞልቶ ነበር፤ የሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ቅጠሉን እትዬ የሺ ፊት አላቀረበችውም፤ በሩ አጠገብ መሬት ላይ አኖረችው። ከዚያ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠችና ማየት ጀመረች።

ላስረዳችሁ አያስፈልግም። ለእትዬ የሺም ማስረዳት አላስፈለገም። ቅጠሉን አዩት። ከበርኮታው ተነሡ፤ በሩ አጠገብ ሄደው፣ በዚያ ወፍራም ሰውነታቸው እየተቸገሩ መሬት ላይ ተቀመጡ። አማተቡ። በሉ። ጎደሬውን ልጠው፣ ጎመኑን ጠቅልለው፣ አንዲት ፍርፋሪ ሳያስቀሩ በሉ። ኦይታ እንኳ ያን ጊዜ አልሳቀም። ሲጨርሱ ጣታቸውን ጠርገው፣ "ጨው ያንሰዋል በያት" አሉኝ።

ፈራሁ፤ ግን ተረጎምኩ።

እናቴ አፍጥጣ አየቻቸው። "ጨው ነጋዴ ናት አላልሽኝም? ይዛ አትመጣም ነበር?" አለች፤ ከንፈሯም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ተነሥታ ቅጠሉን አንሥታ ወረወረችው፤ ትልቁን ወጪት ሞልታ አመጣችና ከእትዬ የሺ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከአንድ ወጪት በሉ። እኔና ኦይታም ተጠራን።

ስንነሣ እናቴ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ተራዋን እንዳትነሳት በያት።"

ተመለስኩ። እስከ ፈተናው ቀን አንድ ቀን እሳቸው፣ አንድ ቀን እኔ እያበሰልን ኖርን። ሚኒስትሪውን አለፍኩ። ዘነበችም ተፈትናለች፤ የተቀመጠችው ከእኔ ራቅ ብላ ነበር። የማኅበሩ ሴቶች ግን ወደ እትዬ የሺ ቤት ተመልሰው አልመጡም፤ በቀጣዩም ወር፣ በቀጣዩም ዓመት። እሳቸው የሞቱት እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው። ስደርስ ተቀብረዋል። ከሁሉ በላይ ደረታቸውን እየመቱ ያለቀሱት እነዚያው ሴቶች ነበሩ አሉኝ። ይህን ስሰማ የተሰማኝን አልጽፈውም፤ የማስተምራቸው ልጆች ሊያነቡት ይችላሉና። ቤቱን ቀበሌ ወሰደው። ለእኔ የሚተርፍ ዕቃ አልነበረም።

ትተውት የሄዱት ነገር ያለው እናቴ ዘንድ ነው። ከአንድ ወጪት ከበሉበት ቀን በኋላ እናቴ አንድ ነገር ጀመረች። ሸክላ ሊገዛ የመጣ ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ ዋጋ ሲጠይቃት፣ ዋጋውን ከመናገሯ በፊት በዚያች ትንሽ አማርኛዋ፣ "ራበህ? ና ግባ" ትለዋለች። አብዛኛው እንዳልሰማ ይሆናል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ሸክላውን ሳይገዛ ይሄዳል፤ እንግዲህ ይህ ለኑሮዋ ጉዳት ነው፣ ነግሬያታለሁ። አሁንም ትጠራለች። እስካሁን የገቡት ጥቂት ናቸው።

እናንተም አገር እንዲህ ያለ ቤት አለ፤ የት እንዳለ ታውቁታላችሁ። ለእነሱ ምግብ ውሰዱላቸው አልላችሁም፤ መስጠት ቀላል ነው፣ ሰጪ እጁ ከላይ ነው። አንድ ቀን በእውነት ርቧችሁ ሂዱ። ንግግር አታዘጋጁ። በሩ ላይ ቁጭ በሉና የሚበላ ስጡን በሉ፤ የመጣውን፣ በመጣበት ዕቃ፣ ጨርሳችሁ ብሉ።